የጎረቤቴ ዕጣ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ይህን ነው፦ አንድ የብየዳ ማሽን፣ የአንድ አዝመራ የከሰዓት ገበያ፣ ከጎረቤቴ ጋር የነበረኝ የጠዋት ሰላምታ፣ እንዲሁም ባለቤቴ ለእኔ ከነበራት አክብሮት ግማሽ ያህሉ። የመጨረሻው ቀድሞም የተትረፈረፈ ስላልነበረ ኪሳራው ያን ያህል አልተሰማኝም።

ሮቤ ላይ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቱቦላሬ፣ ላሜራ፤ ሲሚንቶ ሲገኝ ደግሞ ሲሚንቶ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሰው ልክ ያንኑ ይሸጣል። ጎረቤቴ የምለው እሱን ነው። የአገሬ ልጅ ነው፤ ከስልጤ በአንድ ቀን፣ በአንድ የጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው የመጣነው። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ነበርን። ዳገቱ ላይ ብርዱ ሲጀምር እኔ ጉልበቴን አቅፌ ተንቀጠቀጥኩ፤ እሱ ረዳቱን አሳስቆ ጋቢ ተዋሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ፣ ነገሩ ግን አልተለወጠም። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ጋቢ ይዋሳል።

ዕቃችን ከአንድ አስመጪ ነው፣ ዋጋችንም ያው ነው። ገበሬው ግን ከጋሪው ሲወርድ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ይላል። እኔ ጋ የሚመጣው እዚያ ያጣውን ዕቃ ሊፈልግ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ሱቁን እዚህ ከፍተህ ዓይንህ የሚውለው ማዶ ነው። ኪራይ የምንከፍለው ለየትኛው ነው?»

በባሌ ስንዴ በዓመት ሁለቴ ይታጨዳል፤ የሙያ ኮሌጅ ሠልጣኝም በዓመት ሁለቴ ይጠፋል። ኮምባይነሮቹ ከአርሲ በኩል ተግተልትለው ሲገቡ ብየዳና መካኒክ የሚማሩት ልጆች ረዳት፣ ጆንያ ሰፊ፣ ደላላ ሆነው አብረው ይነጉዳሉ። አጨዳው ሲያልቅ አዲስ ጫማና አዲስ ስልክ ይዘው ይመለሳሉ። ወደ ክፍል ግን አይመለሱም። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው መቀመጫ ላይ መቀመጥ ይከብደዋል መሰለኝ።

ይህን ጉዳይ ይዞ አንድ ወጣት የኮሌጅ መምህር ወደ እኛ መጣ። ከጎጃም የመጣ ነው፤ የሮቤን ብርድ ገና አልለመደውም፣ አዳራሽ ውስጥ ካፖርቱን አያወልቅም። ነጋዴው ስለ ግብር ሊሰማ በተሰበሰበበት መጨረሻ ላይ ትንሽ ደቂቃ ተሰጠው። ያቋረጡትን ልጆች ነጋዴው ቢደግፋቸው፣ ከሰዓት ከሰዓት እየሠሩ ጠዋት እንዲማሩ ቢያደርጋቸው ብሎ ለመነ። ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ነበር። ጎረቤቴ ተነሣ።

«እኛም ልጅ ሆነን ሰው አንሥቶናል» አለ። «እኔ እዚህ አገር ስገባ ጋቢ ያለበሰኝ ሰው ነበር።»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ማሻአላህ» አለ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያን ጋቢ እኔ ከጎኑ ሆኜ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እኔን ያለበሰኝ አልነበረም። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ እጄን አወጣሁ።

«ንግግሩ ጥሩ ነው። አስተባባሪነቱን ግን እኔ እወስዳለሁ» አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«የማንን ልጅ ልታስተባብር?»

«የከተማውን።»

«እሱ ምን አለ?»

«ማን?»

«ማን እንደሆነማ ታውቃለህ» ብላ ሳህኑን አነሣች።

ሥራውን ከያዝኩ በኋላ ደግሞ በደንብ ያዝኩት፤ ይህን ጠላቴም አይክደኝም። ነጋዴ ሳይጣላ የሚሰበሰብበት ነገር ዕቁብ ብቻ ስለሆነ ነገሩን እንደ ዕቁብ አደረግሁት። እያንዳንዱ አባል አንድ ልጅ ይወስዳል። የታክሲውን ይሸፍንለታል፣ መሣሪያ ከጎደለው ያሟላለታል፣ ጠዋት ክፍል መግባቱን ይጠይቃል፣ ከሰዓት ያሠራዋል። ማን ማንን ይወስዳል የሚለውን ዕጣ ይወስናል። መምህሩ ይህን ሲሰማ ካፖርቱን ወደ አንገቱ ሳበው።

«ጋሼ፣ በሰው ላይ ዕጣ ይጣላል እንዴ?»

«ዕጣ ካልጣልን ሁሉም የእህቱን ልጅ ይዞ ይመጣል፣ ጎበዙን ይሻማል፣ ሰነፉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዕጣ ዘመድ አያውቅም።»

አሰበበትና «ይሁን» አለ። የዕቁቡ ዳኛ እኔ ሆንኩ።

ያቋረጡትን እየዞርኩ የፈለግኋቸው እኔ ነኝ። ልጅቷን ያገኘኋት ጎባ፣ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ፣ ድንች ስትጠብስ ነው። ብየዳ ስትማር ነበር ያቋረጠችው። ድንቹን ስታገላብጥ ክንዷን አየሁ፤ ይህ ክንድ ለድንች የበዛ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ብየዳውን ለምን ተውሽው?» አልኳት።

«እሱ ነው እንጂ የተወኝ። የሚበየድበት ኤሌክትሮድ አነሰ ተባለ። አንዱ ይበይዳል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። በማየት ከሆነማ ጎባ ስንት ጋራዥ አለ፤ ለምን ታክሲ ከፍዬ ሮቤ እወርዳለሁ?»

ሒሳቧ ደስ አለኝ። «እኔ ኤሌክትሮድ እሸጣለሁ» አልኳት።

«ይሸጣሉ፤ አይሰጡም።»

ሰው ገዝቶ ሄደ። እጇን በጨርቅ ጠርጋ እንደገና ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ግን ከዚህ ምን ያገኛሉ ጋሼ?»

«ስም።»

«ስም ይበላል?»

«የሚበሉት አሉ። ከሱቄ ማዶ አንዱ ይበላዋል።»

ሳቀች። ከዚያ ነገሩን ዘርግታ ነገረችኝ። የብቃት ምዘናው፣ ሰው ሲኦሲ የሚለው ማለት ነው፣ ታኅሣሥ ላይ አለ። እሱን ካለፈች ፈቃድ አውጥታ የራሷን የብየዳ ቤት ትከፍታለች። ካላለፈች ግን ያሳደገቻት አክስቷ ሌላ ዕድል አትሰጣትም፤ የአክስቷን ድንች ተረክባ ትቀራለች። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ። «እጄ ብረት ካልለመደ እወድቃለሁ። ማሽን ያለው ሰው ጋ ይመድቡኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አልኳት። ዕጣ የሚባል ነገር መኖሩን አልነገርኳትም። እውነቱን ለመናገር በልቤ ለራሴ መድቤያት ነበር። ዳኛ ነኝ፣ ያገኘኋትም እኔ ነኝ፤ ዕጣ ደግሞ አንዳንዴ መንገዱን ያውቃል።

የዕጣው ቀን ስሞቹን ጠቅልዬ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አደረግሁ።

«ዳኛው ራሱ ያዘጋጀው ዕጣ ነው?» አለ አንዱ ወፍጮ ቤት ያለው። «አገላብጡት እንጂ።»

አገላበጡት። እንደውም አንዱ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ መታው። ጎረቤቴ እጁን ከተተ፣ ወረቀቱን ፈታ፣ የልጅቷን ስም አነበበ። ደስ ያለውም አልመሰለም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለው። ለእኔ አውቶ መካኒክ ያቋረጠ ረጅም ልጅ ደረሰኝ። በመጀመሪያው ከሰዓት ሲሚንቶ አራግፍ አልኩት። አራገፈና እላዩ ላይ ተኛበት።

ከዚያ በኋላ ማዶው የእኔ ሲኒማ ሆነ። ጎረቤቴ ጓሮ ያስቀመጠውን አሮጌ የብየዳ ማሽን ወደ በረንዳ አወጣላት። ከሰዓት ሲሆን ጭንብሏን አጥልቃ የመስኮት ፍርግርግ ትበይዳለች፣ ፍንጣሪው እስከ አስፋልቱ ይወጣል፣ ባጃጁ ቀስ ይላል፣ ሰው ይቆማል። የቆመ ሰው ደግሞ ሚስማር ትዝ ይለዋል። ወደ እኔ ሱቅ የሚመጣው ብር ለመዘርዘር ነው።

ገበያውንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት አጠራሯን ነው። እሱን «አባ» አለችው። ገና በሁለተኛው ሳምንት። እኔ ስሻገር «ጋሼ አስተባባሪ መጡ» ትላለች። ከጎባ ያመጣኋት እኔ፣ አባትነቱ የእሱ። ቁርስ ይዛለት ትመጣለች ሲሉ ሰማሁ። አላመንኩም፤ ጠዋት ቀደም ብዬ ሱቅ ከፍቼ አየሁ፤ እውነት ነው፣ በፌስታል ድንች።

ባለቤቴ «ያንተ ልጅ ምን ይዞልህ ይመጣል?» አለችኝ።

«እንቅልፍ።»

በዕቁብ ሕግ ዕጣ ይሸጣል። ቸግሮት የደረሰውን የሚሸጥ አለ፣ ቸኩሎ የሚገዛም አለ፤ ነውር የለበትም። ስለዚህ መንገዱን ተሻግሬ ጎረቤቴን ወደ ጎን ጠራሁት።

«ዕጣህን ሽጥልኝ» አልኩት።

ቶሎ ገባው። «በምን?»

«በእኔው ልጅና በምትለው ብር።»

የተኛውን ልጅ ከዚያ ሆኖ አየው። «ወላሂ፣ አንተ ሰው ምርቃት ሳይሆን ፍራሽ ነው የምትሰጠኝ» አለ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ዕጣ ይሸጣል ወንድሜ። ግን ይቺ ዕጣ አፍ አላት። ራሷን ጠይቃት።»

ጠየቅኋት። ጭንብሏን ወደ ላይ ገልብጣ ሰማችኝ።

«እኔ ጆንያ ነኝ ጋሼ?»

«አይደለሽም። ጆንያ አይጠየቅም፤ አንቺን እየጠየቅሁሽ ነው።»

አሮጌውን ማሽን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይሄ መብራት ሲወርድ አብሮ ይሞታል፣ ገመዱም ይግላል። ምዘናው ላይ የሚያቀርቡልን አዲስ ዓይነት ነው አሉ። አዲስ ማሽን ያለው ሰው ከጠራኝ እሄዳለሁ። አባም አይቀየሙኝም።»

ጎረቤቴ «አልቀየምም» አለ። ያለውም ከልቡ ነው። ሰው በነገር እንኳ አያሸንፈውም።

ማሽኑን ከሻሸመኔ አስመጣሁ። ከእሱ ማሽን እንዲበልጥ ፈልጌ በእጅ የሚንጠለጠል፣ በጄኔሬተርም የሚሠራ ዓይነት ከነጄኔሬተሩ ገዛሁ። ሻጩ «ሜዳ ላይ ሁሉ ይሠራል» አለኝ። ሜዳ ላይ ምን እንደምሠራበት አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ከማዶ እንዴት እንደሚታይ ነው። ልጅቷ መጣች፣ የተኛው ልጅ በእሷ ቦታ ወደ ማዶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የሕይወቴ ምርጥ ናቸው ብል ባለቤቴ ትቆጣለች፤ ስለዚህ አልልም። ፍንጣሪው በእኔ በረንዳ ነበር፣ ባጃጁ የሚዘገየው በእኔ በኩል ነበር። እሷ ግን «ጋሼ» እንዳለችኝ ቀረች። ቁርስም አልመጣም። ማዶ፣ ያ ረጅም ልጅ የጎረቤቴን ፒክአፕ ሞተር ፈቶ ሲያጥብ አየሁት። ነቅቷል።

ታኅሣሥ ገባ፣ ኮምባይነሮቹም ገቡ። አንድ ከሰዓት አንድ የኮምባይነር ባለቤት አቧራ እንደለበሰ መጣ። የማሽኑ የፊት ማጨጃ እየተሰነጠቀ አስቸግሮታል፤ ሜዳ ወጥቶ የሚበይድለት ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያ የሄደው ወደ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ጎረቤቴ ሰማውና ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ እኛም በእጁ አመለከተ። ሰውዬው ተሻግሮ መጣ።

«በያጇ እዚህ ናት፣ ግን ምዘና ስላለባት አትሄድም አለኝ ያ ሰውዬ» አለ።

«ማን ሆኖ ነው የሚከለክለው?» አልኩ። ያንን ስል ምዘናውን እያሰብኩ አልነበረም። «ማሽኑ የማን ነው?»

ልጅቷም ሳትፈልግ አልቀረችም። ቤት ለመክፈት መነሻ ያስፈልጋታል፣ የኮምባይነር ሰው ደግሞ በአዝመራ ጊዜ በዋጋ አይጨቃጨቅም። «ለአንድ ሳምንት ብቻ» አለች። «ምዘናው ሳይደርስ እመለሳለሁ።» ማሽኑንና ጄኔሬተሩን ጭነን ሸኘናት። ማዶ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። እጄን አውለበለብኩለት።

ሳምንቱ አለፈ። ስልኳ አይሠራም። ምዘናው ነገ ሊሆን ዛሬ ጠዋት መምህሩ ሱቄ ውስጥ ቆመ። የመጣው ከነካፖርቱ ነው፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ልጅ ኮምባይነር ተከትላ የሄደችው እርስዎ ጋ የነበረችው ናት። ማሽን ሰጥቶ የሸኛት ደግሞ አስተባባሪው ነው። ይህን ለኮሌጁ እንዴት ብዬ ላስረዳ?»

 መልስ ገና ስፈልግ የመኪና ጥሩንባ ሰማሁ። ጎረቤቴ ፒክአፑን በሬ ላይ አቁሞ በሩን ከፍቷል።

«ግባ» አለኝ።

የጊኒርን መንገድ ያዝን። ኮምባይነሮቹ በዚያ ሰሞን የሚያጭዱት በዚያ በኩል ነው። ግራና ቀኙ ገና ያልታጨደ ስንዴ ነው፣ በስተደቡብ ደመና ይከመራል። ጎሮ ሳንደርስ እየጠየቅን ወደ ውስጥ ገባን። ኮምባይነሩ በሰው ማሳ መካከል ቆሟል። ከማጨጃው ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል፤ የልጅቷ ናቸው።

ጠራኋት። ወጣች። ፊቷ ጠቁሮ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«ቀኑን ረስተሽዋል?» አልኳት።

«አልረሳሁም። እሳቸው ናቸው» አለችና የኮምባይነሩን ባለቤት አሳየች። «ስበይደው በሌላ በኩል ይሰነጠቃል። ዛሬ ዛሬ እያሉ እዚህ አደረሱኝ። ካሁን በኋላ መኪና የማገኝ አልመሰለኝም ነበር።» ጓንቷን አውልቃ መሬት ጣለች፤ ድንች ስትጠብስ እንዲህ አይቻት አላውቅም።

የኮምባይነሩ ባለቤት ደመናውን በጣቱ አሳየ። «ዝናብ ከመታው የዚህ ገበሬ ስንዴ ተኝቶ ይቀራል። እሷ ከሄደች ማን ይበይዳል? ልቀቃት ከማለታችሁ በፊት ገበሬውን አናግሩት።» ገበሬው እዚያው ቆሞ ነበር። ደመናውን ያይ ነበር። ሰውየው ያሳዝን ነበር።

ጎረቤቴ ሰዓቱን አየ። «ከሮቤ ሌላ በያጅ ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። ቃሌ ነው» አለ። ሰውዬው ፊቱ ፈታ ሊል ሲጀምር አየሁ። እንደገና ጋቢው ሊመጣ ነው። ልጅቷን የሚያድናት እሱ ሊሆን ነው፤ በእኔ ማሽን፣ በእኔ ጥፋት፣ በእኔ ፊት። ከአፌ ምን እንደወጣ የሰማሁት እኔም ከእነሱ ጋር ነው።

«ሌላ በያጅ አያስፈልግም። ማሽኑ ይቅርልህ። ኦፕሬተርህን ታሳየዋለች፣ ራሱ ይበይዳል። ልጅቷ ግን አሁን ትሄዳለች።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ጎረቤቴም አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚል የጠፋው መሰለኝ። ያቺ ደቂቃ የማሽኑን ዋጋ ታወጣለች ብዬ ነበር ያኔ።

ልጅቷ ኦፕሬተሩን አጠገቧ አንበርክካ አሳየችው። «እንዲህ አትግፋው፣ ጎትተው። ቀዩን አትይ፣ ከኋላው የሚቀረውን እይ።» ሁለት ሦስቴ አበላሸ፣ ከዚያ ያዘለት። ባለቤቱ ወደ ጊኒር አልፎ ሲመለስ ማሽኑን እንደሚያደርስልኝ ማለ። ጄኔሬተሩን ግን የራሱ ስላለው መልሶ ጫነልን።

ፒክአፑ ያለው አንድ ረድፍ ወንበር ነው፤ እሷ መሐል ተቀመጠች። ሮቤ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ጭንቅላቷ ወደ ጎረቤቴ ትከሻ ወደቀ። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ መንገዱን ሁሉ ሳይንቀሳቀስ ነዳ። ስትነቃ ማየቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ «በእርስዎ በኩል መስኮቱ ይበርዳል ጋሼ» አለችኝ። መስኮቱ እስከ ላይ ተዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ከምዘናው ጣቢያ ደጅ ሁለታችንም ቆምን፣ እሱ በአጥሩ ወዲህ፣ እኔ ወዲያ። ከሰዓት ወጣች። መጀመሪያ ወደ እኔ መጥታ በሁለት እጇ እጄን ይዛ «ጋላቶማ ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ማሽኑ ያው የርስዎ ዓይነት ነው የመጣው» አለች። ብዙ ቃል ነው፣ ጥሩ ቃል ነው። ከዚያ ወደ እሱ ሄደች። ምንም አላለችውም። በእጁ የያዘውን ሻይ ተቀብላ ጠጣች። ነጋዴ ነኝ፤ የትኛው እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

ውጤቱ ሲመጣ አለፈች። ጎባ ላይ ቤቷን ከፈተች። ባለፈው ለሆስፒታል ጉዳይ ጎባ ወጥቼ ሳልፍ አየኋት፤ በረንዳዋ ላይ ቱቦላሬ ተደርድሯል። ጫፉ ላይ የተቀባውን ምልክት አውቀዋለሁ፣ የጎረቤቴ ሱቅ ነው።

«ብረት ከእሱ ነው የምትገዢው?» አልኳት።

«አዎ ጋሼ።»

«ዋጋዬ ያው ነው።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ጋ ግን ውለታ አለብኝ፤ ስገዛ መከራከር አፍራለሁ። አባ ጋ እንደ ልቤ እከራከራለሁ።»

እንደ ነጋዴ ሳስበው ትክክል ናት። ውለታ ያለበት ሱቅ ውስጥ ማንም አይገዛም። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች፣ ሳህኑን አነሣች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች።

ጎረቤቴ አሁንም ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ወደ እኔ በኩል ያያል። እኔ ቆርቆሮ እቆጥራለሁ።

ሒሳቡ ሲዘጋ ይህን ይመስላል። ከወሰድናቸው ልጆች ከፊሎቹ ጨረሱ፣ ከፊሎቹ አልጨረሱም። ለእኔ ደርሶኝ የነበረው ልጅ ጨርሷል፣ ጎረቤቴ ጋ ይሠራል። ኮምባይነሩ ከጊኒር አልተመለሰም፤ ማሽኔም። ጄኔሬተሩ ሱቄ ውስጥ ነው፤ ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ፣ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።